«ወፍራም» በሦስት ገጽ ዘጠኝ ጊዜ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ አጭር ልቦለድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ታሪኩ በባሕር ጠረፍ ባለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የሚካሄድ ነው። አርታኢዬ በሦስት ገጽ ውስጥ ወፍራም የሚለውን ቃል ዘጠኝ ቦታ ከብባ መለሰችልኝ። የሽማግሌው ካፖርት ወፍራም፣ የያዘው መጽሐፍ ወፍራም፣ የቀረበለት ሾርባ ወፍራም፣ የጀልባው ገመድ ወፍራም፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ወፍራም፣ ጭጋጉም ወፍራም። የደራሲው ሐሳብ ደግሞ በጣም ወፍራም ለማለት አይደለም፤ እንዲያው ወፈር ወደማለቱ ነው። በመጠኑ ወፍራም ብዬ ባስተካክለው ባሰበት። ግዙፍ፣ ደንዳና እያልኩ ስቀይረው ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ለዚህ ቃል ተመሳሳዮቹ እነማን ናቸው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ረቂቅ በማረምና ትርጉም በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት ተርጓሚን እንደዚህ ቃል የሚያደክም ጥቂት ነው ያየሁት። ግን የመልሱን ግማሽ ራስሽ ጽፈሽዋል። «ወፈር ወደማለቱ ነው» ብለሻል። ልቦለዱ ላይ ከ«በመጠኑ ወፍራም» ጋር ስትታገይ የዋልሽው አንቺው፣ ለእኔ ስትጽፊ ግን ሳታስቢው ትክክለኛው አማርኛ መጣልሽ።

አማርኛ «ትንሽ ወፍራም» ለማለት ሲፈልግ ግሱን ያለዝበዋል። ወፈረ፣ ወፈር አለ፣ ወፈር ያለ። ጠቆረ፣ ጠቆር አለ፣ ጠቆር ያለ። ማኪያቶ ስናዝ «ጠቆር ያለ ይሁን» የምንለው፣ ነጠላ ስንገዛ «ረዘም ያለ የለህም?» የምንለው፣ ዕቃ የሚያነሳን ልጅ «ከበድ ካለህ ተወው» የምንለው በዚሁ መንገድ ነው። ሲነገር የመጨረሻዋ ድምፅ ትጠብቃለች፤ «ወፈር ያለ» ስትዪ «ር» ላይ ምላስሽ ቆየት ይላል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ በጽሑፍ አይታይም እንጂ ጆሮ አይስተውም።

ማጠንከሪያም አለው። «በሩን ከፈት አድርጊው» ሲባል ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት ነው፤ «በሩን ክፍት አድርጊው» ሲባል አህያ ከነጭነቱ ይገባል። «ፈርጠም ያለ ጎረምሳ» ጡንቻ ማውጣት የጀመረ ነው፤ «ፍርጥም ያለ» ግን ያለቀለት ነው። «ሞላ ያለ ፊት»ና «ሙልት ያለ ፊት»ም እንደዚሁ ናቸው። እንግዲህ ደራሲው ምን ያህል ውፍረት እንደፈለገ ስትወስኚ በቅድሚያ የምትነኪው ይህን የግስ ቅርጽ ነው። ቃሉን መለወጥ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። «በመጠኑ ወፍራም» የቤተ ሙከራ ዘገባ ላይ፣ ምናልባትም የዕቃ መግለጫ ላይ ቦታ ይኖረው ይሆናል። ሽማግሌ ካፖርቱን ደርቦ በሚገባበት ትረካ ውስጥ ግን አንባቢው አንድ ሰው ሜትር ይዞ የሚለካ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ተርጓሚ የሚስተው አንድ ነገር ስላለ ረዘም አድርጌ ልናገር። ይህ የለዘበ ቅርጽ ሁልጊዜ «ትንሽ» ማለት አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ሰውን ላለማስከፋት፣ ነገሩን ላለማጋነን፣ ለጨዋነት ሲል ትልቁንም ነገር አለዝቦ ይጠራዋል። «ጠና ያሉ ሰው» ስንል ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሊሆኑ ይችላሉ። «ጠቀም ያለ ገንዘብ» ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ቤት ሊያሠራ ይችላል። «ወፈር ያሉት ሴትዮ» ብሎ የሚጠቁምሽ ሰውም ሴትዮዋ በጣም ወፍራም ሆነው ሳለ ስለሚያከብራቸው ነው እንደዚያ ያለው። ስለዚህ «ወፈር ያለ» ለሰው ሲሆን አክብሮት፣ ለዕቃ ሲሆን ልክ ነው ብለሽ ብትይዢው ብዙ አትሳሳቺም። ለሰው ብለሽ በጻፍሽው ቦታ ሁሉ አንባቢው የተራኪውን ትሕትና ይሰማል። ተራኪሽ ደረቅና ፊት ለፊት ተናጋሪ ከሆነ ይህ ቅርጽ ጠባዩን ይለውጥብሻል።

ለዕቃ ትክክለኛውን ልክ ማስያዝ ስትፈልጊ ደግሞ እናቶቻችን ሲገበያዩ የሚሉትን አስታውሺ፦ «ከነጠላ ወፈር፣ ከጋቢ ሳሳ ያለ»። በሁለት በሚታወቁ ነገሮች መካከል ማስቀመጥ ነው። ቁጥር እንኳ ይህን የመሰለ ልኬት አይሰጥም፤ አንባቢው ሁለቱንም በእጁ ስለሚያውቃቸው ሦስተኛው ወዲያው ይመጣለታል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ዋና ነገር ልግባ። «ተመሳሳዮቹ እነማን ናቸው?» ብለሻል። ዝርዝር ልሰጥሽ እችላለሁ፤ ግን አንቺን እዚህ ችግር ውስጥ የከተተሽ ዝርዝር ነው። ወፍራም፣ ደንዳና፣ ግዙፍ፣ ጠብደል፣ ዳጎስ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ድንቡሽ ያለ ተብለው በአንድ መስመር ሲደረደሩ አንዱ በሌላው ቦታ የሚገባ ይመስላል፤ አይገባም። እያንዳንዱ የራሱ ነገር አለው፤ ከእሱ ጋር አድጓል። ትክክለኛውን ለማግኘት እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ተቃራኒውን መጠየቅ ነው። ይህ ነገር ወፍራም ባይሆን ኖሮ ምን ይባል ነበር? ጨርቅ ከሆነ «ስስ»። ወጥ ከሆነ «ቀጭን»። ሰው ከሆነ «ቀጭን»፣ ሲብስ «ከሲታ»፣ «ኮስማና»። ጫካ ከሆነ «ሳሳ ያለ» ወይም «ገላጣ»። መጽሐፍ ከሆነ፣ «ስስ መጽሐፍ» አትይም፤ «አነስተኛ መጽሐፍ» ትያለሽ። ተቃራኒው ሲለያይ ታያለሽ፤ ያኔ «ወፍራም» የምንለው አንድ ቃል ስድስት ዓይነት ነገር ተሸክሞ እንደነበር ይገባሻል።

ከጨርቅ እንጀምር፤ እዚህ አማርኛ ሀብታም ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ጋቢ ስትጠይቂ ሻጩ «ወፍራም ነው» ብሎ አይተውሽም። የጋቢውን ጠርዝ ይይዝና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሸዋል፤ ከዚያ ድርቦቹን አንድ በአንድ ለያይቶ ይቆጥርልሻል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጋቢ አራት ድርብ ነው። አጠገቡ ያለው ሸማኔ፣ አብዛኞቹ ከጋሞ አገር የመጡ ናቸው፣ ሌላ ነገር ይነግርሻል፤ ማጉ በእጅ የተፈተለ መሆኑንና ሽመናው መጥበቁን። እንግዲህ የአንድ ጨርቅ ውፍረት ከሦስት ነገር ነው የሚመጣው፤ ከድርቡ፣ ከፈትሉና ከሽመናው። ድርቡ ሲበዛ ይሞቃል። ፈትሉ ሲወፍር ሸካራ ይሆናል። ሽመናው ሲጠብቅ ነፋስ አያስገባም። ደራሲው «ወፍራም ጨርቅ» ሲል ከሦስቱ የትኛውን ፈልጎ ነው? ሽማግሌው ስለሚበርደው ከሆነ «ድርብ»ና «ሞቅ ያለ» ይረዱሻል። ካፖርቱ እንደ ጆንያ የሚኮሰኩስ ከሆነ ግን ወሬው የፈትሉ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ቅጽል ሳያስፈልግ ስሙ ብቻ ይበቃል። ቡልኮ ካልሽ ከጋቢ የከበደ ነው፤ «ወፍራም ቡልኮ» ማለት አያስፈልግም። የመንዝ ባና እና ዝተት ከበግ ፀጉር የሚሠሩ የብርድ አገር ልብሶች ናቸው፤ ስማቸው ሲጠራ ትከሻ ላይ ሲያርፉ ይታወቅሻል። በርኖስም እንደዚሁ። እነዚህን የባሕር ጠረፍ ሽማግሌ ላይ ደርቢበት ማለቴ አይደለም፤ የእሱ ካፖርት ካፖርት ሆኖ ይቅር። የምልሽ አማርኛ ውፍረትን በስም ውስጥ ማስቀመጥ እንደሚወድ ነው። ለካፖርት ደግሞ ትክክለኛው ቃል ውፍረትን ሳይሆን ክብደትን የሚናገር ነው፦ «ከበድ ያለ ካፖርት»። ካፖርት በትከሻ ይለካል፤ ማንም በሁለት ጣቱ ይዞ አይለካውም።

ወጥ ቤት ስትገቢ ይህ ነገር ይበልጥ ይገለጣል። ሽሮ ፈሰስ አለ፣ ሽሮ ተጋቢኖ አለ። አንዱ የሚፈስ፣ ሌላው በሸክላ ድስቱ ውስጥ እየፈላ የሚቀርብ ጠንከር ያለ። ምግብ ቤት ገብቶ «ወፍራም ሽሮ አምጪልኝ» የሚል ሰው አላየሁም። ለአራስ የሚዘጋጀው አጥሚት ቀጠን ይላል፤ ገንፎው ግን ጠጠር ማለት አለበት፤ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤ የሚቋጥረው ጠጠር ሲል ነው፤ የቀጠነ ገንፎ ቅቤውን ይበትነዋል። እናቴ የገንፎውን ልክ የምታውቀው ማማሰያውን መሐሉ ላይ አቁማ እጇን ስትለቅ ነበር። ማማሰያው ወዲያው ከተኛ ዱቄት ትጨምራለች፤ ቆይቶ ዝም ብሎ ዘንበል ካለ «ይበቃል» ትላለች። ያን ጊዜ «ወፈረ» አትልም፤ «ጠጠር አለ» ነው የምትለው። እስከ ዛሬ ድረስ ረቂቅ ላይ «ወፍራም ገንፎ» የሚል ሳይ ያ ማማሰያ ይታየኛል፤ እሰርዘዋለሁም።

ጠላ ጠማቂ ቤትም እንዲሁ ነው። ድፍድፉ አለ፤ ገና ውሃ ያልበዛበት፣ በጣም ወፍራሙ። ሳይጠልና ሳይጠራ የሚጠጣው ጉሽ አለ፤ ድፍርስ፣ አፍ ውስጥ የሚቀር። መጨረሻ ላይ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ አለ፤ ቀጭን። ሦስት ደረጃ፣ ሦስት ስም፣ አንድም «ወፍራም» የለበትም። ለፈሳሽ ሌላ የምትጠቀሚበት መንገድ የሚያደርገውን መናገር ነው። ወጡ ውሃው መጠጥ ሲል፣ ማንኪያ ላይ ያዝ ሲል፣ ሲቀዳ ሲጎተት። ሾርባሽም እንዲህ ሊሆን ይችላል። «ወፈር ያለ ሾርባ» ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም ከዘጠኙ ቦታ «ወፈር ያለ» በትክክል የሚያርፈው እዚህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ለፈሳሽ ቀጭንና ወፍራም እውነተኛ ጥንዶች ናቸው።

ሰው ላይ ስንደርስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ግዙፍ» ብለሽ ስትቀይሪ ሌላ ነገር የሆነብሽ ቃሉ ከግእዝ የመጣና ታሪክ ያለው ስለሆነ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግዙፍ ማለት አካል ያለው፣ የሚዳሰስ፣ የሚጨበጥ ማለት ነው፤ ተቃራኒው ረቂቅ ነው። መላእክት ረቂቃን ናቸው፤ እኛ ግዙፋን ነን። ዛሬ በጋዜጣ «ግዙፍ ፕሮጀክት» ስንል ትልቅነቱ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት «ግዙፍ ሴት» ስትባል አንባቢው በሩን የምትዘጋ፣ ጣሪያ የምትነካ ሴት ያያል። «ገዘፍ ያለች» ብትይ እንኳ ቁመት ይጨምርላታል። ደራሲው ቁመቷን አላነሳም ይሆናል።

«ደንዳና» ደግሞ የእንጨት ቃል ነው። ደንዳና ግንድ፣ ደንዳና ምሰሶ። ሰው ላይ ሲመጣ ጠባይ ይሆናል። በመጽሐፍ ቅዱስ «አንገተ ደንዳና ሕዝብ» የተባለው ማስጠንቀቂያ የማይሰማ፣ የማይታጠፍ ሕዝብ ነው። ልበ ደንዳናም ርኅራኄ የሌለው ነው። አንድ ጊዜ በእጄ ባለፈ ረቂቅ ውስጥ ደግ የሆነች የጎረቤት ሴት «ደንዳና» ተብላ ነበር፤ ተርጓሚው ጠንካራ ሰውነቷን ሊናገር ነው የፈለገው፤ ቀድመው ያነበቡት ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ክፉ ነገር እስክታደርግ ሲጠብቁ እንደቆዩ ነገሩኝ። አንድ ቅጽል አንድን ገጸ ባሕርይ እንዲህ ሊያጠፋት ይችላል።

ታዲያ ለሷ ምን እንበል? ከእኔ ከሆነ «ሞላ ያለች»፣ ከዚያም በላይ «ሞላ ደርበብ ያለች»። በዚህ አባባል ውስጥ ሥጋ ብቻ ሳይሆን እርጋታም አለ፤ ቤቷ የሞላ፣ እንግዳ ሲመጣ የማትደናገጥ ሴት ትታያለች። ወንድ ቢሆን «ደልዳላ» እል ነበር፤ ሰውነቱ የተመጣጠነ፣ እግሩ መሬት የያዘ። ጎረምሳ ቢሆን «ፈርጠም ያለ»። ሕፃን ቢሆን «ድንቡሽ ያለ» ወይም «የፋፋ»። «ጠብደል» ትልቅና ከበድ ያለ ሰው ነው፤ ትንሽ የመሸሽ ስሜት አለበት፤ ሰው «ጠብደል» ሲል ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ያለ ይመስለኛል። «ቦርጫም» ሆዱን ብቻ ነው የሚያየው። እንስሳ ከሆነ ሌላ መዝገብ ነው፤ ወደል አህያ፣ የደለበ ሰንጋ፣ ሙክት በግ። እነዚህን ወደ ሰው ማምጣት ስድብ ነው፤ ደራሲሽ ስድብ ከፈለገ ግን እዚያ አሉልሽ።

«ውፍረት» የሚለውን ስም ለሰው ከማዋል ግን ተቆጠቢ። ሐኪም ቤት «ከመጠን ያለፈ ውፍረት» ሲል በክብደትና በቁመት ስሌት 30 እና ከዚያ በላይ የደረሰውን ነው የሚለው፤ ቃሉ የካርድ ክፍል ሽታ ይዟል። «ወፈርሽ» የሚለውም ቢሆን እንደ ተናጋሪው ነው። የአያቶቻችን ትውልድ «ወፈርሽ፣ ተመስገን» ሲል ጤናሽን፣ ተስማምቶሽ መኖርሽን እየመሰከረ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ያደገች ልጅ ይህን ስትሰማ ቅር ይላታል። ከሁለቱ አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ አንቺ ግን ታሪኩን የሚያነበው የትኛው እንደሆነ አስቢ።

መጽሐፉ ቀላል ነው። «ዳጎስ ያለ መጽሐፍ» በይው። ይህ አባባል ለመጽሐፍና ለገንዘብ የተሰፋ ነው፤ ዳጎስ ያለ ጥራዝ፣ ዳጎስ ያለ ስጦታ፣ ዳጎስ ያለ ጉርሻ። ውስጡ ነገር አለው የሚል ተስፋም ስላለበት ሽማግሌው መጽሐፉን የሚወድ ከሆነ ይስማማዋል። መቼ ዳጎስ ይላል ብትዪኝ፣ ተራው የመጽሐፍ ወረቀት ባለ 80 ግራም ሲሆን አንዱ ቅጠል ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ 150 ቅጠል ስለሆነ ያለ ሽፋኑ ወደ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ይህ ለእኔ «ወፈር ያለ» ነው። 600 ገጽ ሲደርስ 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያኔ ዳጎስ ብሏል። ታሪኩ የገጹን ብዛት ከጠቀሰ በዚህ አመዛዝኚው። ለገንዘብ ከሆነ «ጠቀም ያለ»ና «ረብጣ»ም አሉልሽ፤ «ወፍራም ደመወዝ»ም በቃል ይባላል፤ ግን ትንሽ ቅናት አለበት።

ገመድ እንደገና በስም ይፈታል። ክር፣ ሲባጎ፣ ገመድ፣ መጫኛ፤ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ነው። መጫኛ ግን የቆዳና የአህያ ጭነት ወሬ ስለሆነ ጀልባ ላይ አይሄድም። ለጀልባሽ «የሚያህል» በሚለው ተጠቀሚ። ጣት የሚያህል፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ክንድ የሚያህል። «ወፈር ያለ» የተባለው አውራ ጣት የሚያህለው ነው፤ ክንድ የሚያህለው መርከብ ያስራል። ግንበኞችና አናጺዎችም ወፍራም ቀጭን ሲሉ ብዙ አይሰሙም፤ «ባለ» ይላሉ። ፌሮ ባለ 8፣ ባለ 12፣ ባለ 16 ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ብረቱ ይወፍራል። ቆርቆሮ ደግሞ ባለ 28 ጌጅ፣ ባለ 32 ጌጅ ይባላል፤ እዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። የግንባታ ትርጉም ከመጣልሽ ይህን አትርሺ፤ ተገልብጦ የታተመ አይቻለሁ፤ ገዢውን የሚጎዳ ስህተት ነው።

ጭጋጉን «ወፍራም» ማለት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ጭጋግ ጥቅጥቅ ይላል፤ ጫካም እንደዚሁ። ፀጉርና ጥርስ ችምችም ይላሉ። ድቅድቅ የጨለማ ብቻ ነው። ቀለል ማድረግ ከፈለግሽ «ከበድ ያለ ጭጋግ» በቂ ነው፤ የተሻለው ግን ጭጋጉ ምን እንደሸፈነ መናገር ነው። ድምፅ ቢመጣብሽ ደግሞ «ጎርናና» አለልሽ፤ «ወፍራም ድምፅ»ም ትክክል ነው።

ስለ ፈሊጥ አንድ ነገር ልጨምር። በትርጉም ጽሑፎች ውስጥ ነቀፌታ የማይሰማውን ሰው «ቆዳው ወፍራም ነው» የሚል እያየሁ ነው። ለእኛ ቆዳው የወፈረ በሬ ነው። የሚችል፣ የሚታገሥ ከሆነ «ሆደ ሰፊ» ነው፤ የማያፍር ከሆነ «ዓይነ ደረቅ» ነው። ሁለቱ በጣም የተራራቁ ሰዎች ናቸው፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መወሰን የተርጓሚው ሥራ ነው። በተቃራኒው «ቀጭን ትእዛዝ» የሚባለው በአማርኛ ከሁሉም የከበደው ትእዛዝ ነው፤ ከላይ የመጣ፣ የማይመለስ። ውፍረት ሁልጊዜ የኃይል ምልክት እንዳልሆነ ይህ ብቻ ይበቃል።

መዝገበ ቃላት ስታዪ ቃሉን በ«ወፍራም» ብቻ አትፈልጊው። ወደ ግሱ ሂጂ፤ ወፈረ፣ ገዘፈ፣ ደነደነ፣ ደለበ፣ ፈረጠመ። የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት በአበገደ ተራ ስለተዘጋጀ ገዘፈና ደነደነ ከመጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ናቸው፤ በሀለሐመ የለመደ ሰው ወደ ኋላ ገጾች ሲያገላብጥ ጊዜ ያጠፋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተመው በሀለሐመ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርገሽ ብታነቢ የመጀመሪያው ሥሩን፣ ሁለተኛው የዛሬውን አነጋገር ያሳይሻል።

የላክሽልኝን ስድስቱን ነገሮች በአንድ አንቀጽ ሰብስቤ ሞክሬዋለሁ፦

«ሽማግሌው ከበድ ያለ ካፖርቱን እንደደረበ ገባ። በብብቱ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ይዟል። የማረፊያው ባለቤት፣ ሞላ ደርበብ ያለች ሴት፣ ከምድጃው ዞር ብላ አየችውና ሾርባ ቀዳችለት፤ ከጭልፋው ላይ እየተጎተተ የሚወርድ ትኩስ ሾርባ። ከመስኮቱ ውጭ፣ አውራ ጣት በሚያህል ገመድ የታሰሩት ጀልባዎች በጭጋጉ ተውጠዋል፤ እርስ በርስ ሲጋጩ ብቻ ይሰማሉ።»

ጭልፋው የእኔ ጭማሪ ነው፤ የጀልባዎቹ ድምፅም እንዲሁ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ከሌሉ አውጫቸው። ያኔ ለሾርባው «ወፈር ያለ ሾርባ»፣ ለጭጋጉ «ከበድ ያለ ጭጋግ» ብለሽ ብትተዪው አርታኢሽ የምትከብበው አይኖርም።